ሁለገብ የስፖርት አዳራሽ በመሀል አዲስ አበባ፦ የትኛው ልክ፣ የትኛው ጣሪያ፣ የትኛው ወለል?

የአዳራሽ ግንባታ ኮሚቴ ሲሰበሰብ ገና ከመጀመሪያው የሚነሳው ጥያቄ «ስንት ሰው ይይዛል?» የሚል ነው። እኛ ግን ከዚያ በፊት «ተራ ማክሰኞ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ማን ይጫወትበታል?» ብላችሁ ጀምሩ እንላለን። አዳራሹ በዓመት ለጥቂት ቀናት ዋንጫ፣ ኮንሰርትና ጉባኤ ያስተናግዳል። የቀረውን ጊዜ የሚሞሉት የክለብ ልምምድ፣ የትምህርት ቤት ልጆችና የሰፈር ቡድኖች ናቸው። ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች የመዘንነው በእነሱ ሚዛን ነው። ቦታውም ከፒያሳ እስከ ለገሀር፣ ከሜክሲኮ እስከ መስቀል አደባባይ ባለው፣ መሬቱ ውድ መንገዱም የተጨናነቀ በሆነው የከተማው እምብርት እንደሆነ አስበን ነው።

የመጫወቻው ልክ

ቅርጫት ኳስ 28 በ15 ሜትር ሜዳ፣ ዙሪያውን ደግሞ ቢያንስ 2 ሜትር ክፍት ቦታ ይፈልጋል። መረብ ኳስ 18 በ9 ነው፤ ለተራ ውድድር ዙሪያው 3 ሜትር ይበቃዋል፣ ለዓለም አቀፍ ውድድር ግን በጎን 5፣ ከኋላ 6.5 ሜትር ይጠየቃል። እጅ ኳስ 40 በ20 ሆኖ በጎን 1፣ ከጎል ጀርባ 2 ሜትር ይጨመርበታል። ፉትሳልም በዚሁ 40 በ20 ላይ ይጫወታል።

ከዚህ ሦስት አማራጭ ይወጣል።

ትንሹ 32 በ19 ሜትር ነው። ቅርጫት ኳስንና መረብ ኳስን በሚገባ ያስተናግዳል፤ እጅ ኳስና ዓለም አቀፍ ፉትሳል ግን አይገቡበትም። መሬቱ ከዚህ በላይ የማይፈቅድ ከሆነ «ሁለገብ» የሚለውን ስም ትታችሁ ጥሩ የቅርጫትና የመረብ ኳስ አዳራሽ ሥሩ።

መካከለኛው 44 በ24 ነው። አራቱም ስፖርቶች ይገባሉ፣ ነገር ግን በየተራ ነው።

ትልቁ 45 በ27 ነው። ይህ ልክ ከጣሪያ በሚወርዱ ሁለት መጋረጃዎች ለሦስት ይከፈላል። እያንዳንዱ ክፍል 15 በ27 ሜትር ስለሚሆን አንድ የመረብ ኳስ ሜዳ ከነ3 ሜትር ዙሪያው፣ ማለትም 15 በ24፣ ልክክ ብሎ ይገባበታል። ከመካከለኛው የሚበልጠው በ159 ካሬ ሜትር ብቻ ነው፤ በዚያች ትርፍ ቦታ ግን በአንድ ሰዓት አንድ ቡድን ያስተናግድ የነበረው አዳራሽ ሦስት ያስተናግዳል። በእኛ ግምት በጠቅላላው ፕሮጀክት ከዚህ የተሻለ ትርፍ ያለው ካሬ ሜትር የለም። መሬቱ ከፈቀደ ሌላ ምርጫ አትመልከቱ።

ከፍታን በተመለከተ የቅርጫት ኳስ ሕግ 7 ሜትር ይጠይቃል፣ የመረብ ኳስም ዝቅተኛው 7 ነው። ለዓለም አቀፍ መረብ ኳስ 12.5፣ ለትልልቅ የባድሜንተን ውድድሮች 12 ሜትር ያስፈልጋል። ለክለብና ለአገር ውስጥ ውድድር 9 ሜትር ይበቃል። ስለዚህ ወይ 9 ወይ 12.5 ምረጡ፤ 10 ተኩል ላይ መቆም ወጪውን ያመጣል፣ ደረጃውን ግን አያስገኝም። ከፍታው የሚለካው እስከ ጣሪያው ሳይሆን እስከ መጨረሻው ተንጠልጣይ ነገር መሆኑን አትርሱ፤ መብራት፣ የአየር ቱቦ፣ የተጠቀለለ መጋረጃ ሁሉ ይቆጠራል። ፕላኑ ላይ 9 ሜትር የተባለ አዳራሽ መጋረጃው ሲሰቀል 7.80 ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ጣሪያውን የሚሸከመው

27 ሜትር ሜዳ ላይ በሁለቱም ጎን የ8.5 ሜትር መቀመጫ ሲጨመር ያለ ምሰሶ የሚሻገረው ስፋት 44 ሜትር ይሆናል። እዚህ ላይ ፉክክሩ በብረት ትራስ (በሦስት ማዕዘን የተያያዙ ብረቶች የሚሠሩት ረጅም የጣሪያ ተሸካሚ) እና በስፔስ ፍሬም (በአጫጭር ቧንቧዎች የሚገጣጠም የጣሪያ መረብ) መካከል ነው። የኮንክሪት ቅስት ዕድሜውና ጸጥታው መልካም ቢሆንም ለዚህ ስፋት የሚበላው ጣውላና ድጋፍ ከጥቅሙ ያመዝናል።

ትራስ እዚሁ ከተማ ባሉ የብረታ ብረት ወርክሾፖች ይሠራል፣ ሲጎዳም እዚሁ ይጠገናል። ጥልቀቱ ከሚሻገረው ስፋት ከ12ኛ እስከ 15ኛ እጅ ስለሆነ ለ44 ሜትር ከ3 እስከ 3.7 ሜትር ይወስዳል፤ ሕንፃው በዚያው ልክ ያድጋል። ደካማ ጎኑ ብየዳው ነው። ሳይት ላይ የሚበየዱ መገጣጠሚያዎች በአልትራሳውንድ ካልተፈተሹ አሳሳቢ ናቸው፣ ቀለም ከተቀቡ በኋላ ደግሞ ማንም አያያቸውም። ፍተሻው በውሉ ውስጥ በራሱ መስመር፣ በራሱ ክፍያ ይግባ። ረጃጅሙን ቁራጭ በቀን መሀል ከተማ ማስገባት ስለማይታሰብ የሌሊት የመንገድ ፈቃድም ቀድሞ መያዝ አለበት።

ስፔስ ፍሬም የሚመጣው በአጫጭር ቧንቧዎችና የኳስ ቅርጽ ባላቸው መገጣጠሚያዎች ነው። ተራ አይሱዙ ይጭነዋል፣ ብየዳ ሳይት ላይ የለም፣ ክብደቱም ቀለል ይላል። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ መገጣጠሚያው ከውጭ ስለሚመጣ አንድ ፍሬ ከጎደለ ወይም ከተጣመመ ሥራው ቆሞ ይጠብቃል፤ ስለዚህ መለዋወጫው ከዋናው ጋር አብሮ ይታዘዝ። ሁለተኛው ይበልጥ አደገኛ ነው፦ ቡሎኑ ኳሱ ውስጥ ተሰውሮ ስለሚቀር በግማሽ የገባውና እስከ መጨረሻው የጠበቀው ከውጭ አንድ ይመስላሉ። ገጣጣሚው የእያንዳንዱን ቡሎን የመግቢያ ጥልቀት በምልክት እንዲያሳይ አስገድዱ። ይህን የሚቆጣጠር መሐንዲስ ከሌላችሁ ትራስ ይሻላችኋል።

የትኛውንም ብትመርጡ የሚሰቀለውን ክብደት ዲዛይኑ ከመጀመሩ በፊት ተናገሩ። የውጤት ሰሌዳ፣ ድምፅ ማጉያ፣ ሁለቱ መጋረጃዎች፣ የኮንሰርት መብራት፣ ሁሉም በቶን ተቆጥሮ ይሰጥ። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ከሰው ራስ በላይ የሚንጠለጠል ማንኛውም ዕቃ ሁለተኛ የደህንነት ሰንሰለት ይኑረው።

የጣሪያው ልብስ

ባዶ ኢጋ ቆርቆሮ ርካሽ ነው፣ ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲወርድ አሠልጣኙ ቢጮህ አይሰማም። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርዳማ ሌሊቶች ደግሞ የቆርቆሮው ሆድ ላብ ያወጣና ጠዋት ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል፤ «ጣሪያው አፈሰሰ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይኸው ላብ ነው።

ስለዚህ ምርጫው በሳንድዊች ፓነሎች፣ ማለትም በሁለት ቆርቆሮዎች መሀል ፎም ወይም ሮክ ውል (ከድንጋይ የተሠራ ጥጥ መሰል ሙሌት) ባላቸው ሰሌዳዎች መካከል ይሆናል። ባለ 10 ሳንቲ ሜትር የፎም ፓነል በካሬ 13 ኪሎ ገደማ ሲመዝን፣ ባለ ሮክ ውሉ 19 ይደርሳል። በ3,000 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ልዩነቱ 18 ቶን ነው፣ ብረቱም በዚያው ልክ ይወፍራል። ቢሆንም ሺዎች ለሚሰበሰቡበት ቤት እኛ ሮክ ውልን እንመርጣለን። ፎም ሲነድ የሚያወጣው ጥቁር ጭስ ሰው በሩን ሳያገኝ ይቀድመዋል፤ ሮክ ውል ግን አይነድም። የታችኛው ቆርቆሮ የተበሳሳ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ጩኸቱን ይመጥጣል፣ ለብቻው የድምፅ መምጠጫ ከመግዛት ያድናል።

አሸንዳን በሚመለከት አንድ ስሌት ይበቃል። በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር የሚጥል ዝናብ በ3,000 ካሬ ላይ በደቂቃ 3,000 ሊትር ያወርዳል፤ ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ ከ4 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይሞላል ማለት ነው። በረዶ ሲቀላቀልበት መውረጃው ይደፈናል። ስለዚህ አሸንዳው ከግድግዳው ውጭ ይሁን፣ ሞልቶ ቢፈስ ውጭ እንዲፈስ። ለውበት ተብሎ በሁለት ጣሪያዎች መሀል የተደበቀ አሸንዳ ሲሞላ መውጫው ወደ ወለላችሁ ነው። የተሰበሰበው ውሃ ለመፀዳጃ ቤት ይውላል። 3,000 ተመልካች በአንድ ዝግጅት ከ15,000 ሊትር በላይ ሊጠቀም ይችላል፣ የከተማው ውሃ ደግሞ በፈረቃ ነው።

ወለሉ

ገንዘብ የሚጠፋውም ጉልበት የሚጎዳውም እዚህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርገን እናየዋለን።

ሊሾና ቴራዞ የዝላይን ምት ምንም አይቀንሱም። የአውሮፓው መለኪያ የስፖርት ወለል ምቱን ከ25 እስከ 75 በመቶ እንዲቀንስ፣ ኳስም ቢያንስ 90 በመቶ እንዲመልስ ይጠይቃል። ለከፍተኛ የቅርጫት ኳስ ውድድር የምት ቅነሳው ከ50 በመቶ ማነስ የለበትም። ሻጩ የላቦራቶሪ ውጤቱን በእነዚህ ቁጥሮች ካላሳየ «ኦሪጅናል ነው» ማለቱ ዋጋ የለውም።

*የእንጨት ወለል።* ከሥሩ ላስቲክና መረባዊ ጣውላ፣ ከላይ ከ20 እስከ 22 ሚሊ ሜትር ሜፕል ወይም ቢች ነው። ለተጫዋች የሚመቸው፣ ለቴሌቪዥን የሚያምረው፣ በወጉ ከተያዘም ከ30 ዓመት በላይ የሚያገለግለው እሱ ነው። ጠላቱ እርጥበት ነው፤ አየሩ ከ35 እስከ 55 በመቶ እርጥበት ቢኖረው ይወዳል። በበጋ ይደርቃል፣ በክረምት ያብጣል። ስለዚህ በግድግዳው ዙሪያ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይተውለታል። የፊኒሺንግ ሠራተኛ ክፍተቱን «አስቀያሚ ነው» ብሎ በሲሚንቶ ወይም በሲሊኮን ሲሞላው፣ ነሐሴ ላይ ወለሉ መሄጃ ያጣና መሀሉ እንደ ኮረብታ ይነሳል። ዞኮሎው (የግድግዳው ግርጌ ጣውላ) ላይ የሚመታው ምስማር ግድግዳውን ብቻ ይያዝ፣ ወለሉን አይንካ።

የሚገድለው ሌላው ነገር የቤታችን ልማድ ነው። ወለል በሳሙናና በባልዲ ውሃ ማጠብ እዚህ አይሠራም። እንደ ቢሮ ፓርኬ ሰም መቀባት ደግሞ ይብሳል፤ ሰም የተቀባ የስፖርት ወለል ያንሸራትታል፣ በኋላ ቫርኒሽ ቢቀባበትም አይይዝም። በቀን በደረቅ መጥረጊያ፣ በሳምንት በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ይጸዳል። በየዓመቱ ስስ ቫርኒሽ ይታደሳል፣ በየ10 ዓመቱ ገደማ ይፋቃል።

*የሚፈስ ፖሊዩሬታን።* ከ7 እስከ 9 ሚሊ ሜትር የላስቲክ ምንጣፍ ተለጥፎ ከላይ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይፈስበታል። ስፌት የለውም፣ ውሃ አያስገባም፣ የተቆረጠው ቦታ ብቻ ተለይቶ ይጠገናል። የምት ቅነሳው ከእንጨቱ ያንሳል። አንድ የማይነገርለት ብልጫ ግን አለው፦ እንጨት ሰፊ ቦታ ላይ አብሮ የሚረግብ ስለሆነ 30 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ሲወድቅበት ብዙም አይረግብም፣ ላስቲኩ ግን እዛው ልጁ ባረፈበት ነጥብ ይረግባል። ሲሠራ የሚበላሸው በሁለት ነገር ነው። ያልደረቀ ሶሌታ (ከሥር ያለው የኮንክሪት ንጣፍ) ላይ ከፈሰሰ እንደ እንጀራ ዓይን ዓይን ያወጣል። የሌሊቱ ቅዝቃዜ ከ10 ዲግሪ ሲወርድ ደግሞ መድረቁ ይጓተታል፤ ስለዚህ ከኅዳር እስከ ጥር ማፍሰስ ካለባችሁ አዳራሹ ተዘግቶ ሙቀቱ ይጠበቅ።

*የቪኒል ጥቅል።* ከ7 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ፈጥኖ የሚነጠፍ ነው። መገጣጠሚያዎቹ በሙቀት ይበየዳሉ፣ የሚያረጁትም በእነሱ በኩል ነው። ወንበር ሲጎተት ጠርዙ ይነሳል፣ በዚያ ውሃ ይገባል፣ ሙጫው ይለቃል። ለልምምድ አዳራሽ ደህና ነው።

*ተገጣጣሚ ፕላስቲክ።* ለውጭ ሜዳ ይሁን፤ ለዋና አዳራሽ ይጮኻል፣ ለእግርም ይጠነክራል።

የቱን እንምረጥ? ወለሉን በቋሚነት የሚይዝ የሠለጠነ ሰው ቀጥራችሁ፣ ከዝግጅት የሚከላከል መሸፈኛም ገዝታችሁ ከሆነ እንጨት። ከሁለቱ አንዱ የሚጎድል ከሆነና ማክሰኞ ከሰዓት የሚመጡት በአብዛኛው ልጆች ከሆኑ ፖሊዩሬታን፣ ያለ ማመንታት። ከተበላሸ እንጨት ደህና የተያዘ ፖሊዩሬታን በብዙ ይሻላል።

ለሁሉም የሚሠራ ሕግ፦ ሶሌታው ይድረቅ። በግምት ለእያንዳንዱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ወር ያስፈልጋል፤ 15 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 6 ወር ማለት ነው። ከሥሩ ወፍራም ፕላስቲክ ይነጠፍ፣ በተለይ ዋልካ መሬት ላይ። ለመጀመሪያ ፍተሻ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ፕላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፎ 24 ሰዓት ማቆየት ነው፤ ከሥሩ ጤዛ ከታየ ገና ነው። ጤዛ ካልታየም የመጨረሻው ውሳኔ ኮንክሪቱ ውስጥ በሚገባ የእርጥበት መለኪያ ይሰጥ። የመረብ ኳስ ምሰሶ ጉድጓዶችና የእጅ ኳስ ጎል መያዣዎች ሶሌታው ከመሞላቱ በፊት ቦታቸው ይለይ፤ በኋላ መፈልፈል ወለሉን ያደክማል። ያልታሰረ ጎል ደግሞ ልጅ ሲንጠለጠልበት ይገለበጣል፣ ይገድላልም።

እንጨቱ፣ ፖሊዩሬታኑም ሆነ ቪኒሉ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብሩ ተመን በገበያ ስለሚወሰን ፕሮፎርማው እስከ ስንት ቀን እንደሚጸና አይታችሁ ፈርሙ። እንጨት ከሆነ ደግሞ ከዚያው ምርት 5 በመቶ ትርፍ ግዙና ደረቅ ቦታ አስቀምጡ፤ ከዓመታት በኋላ ተመሳሳይ ቀለም አይገኝም።

መቀመጫና መውጫ

ቋሚ የኮንክሪት ደረጃ አይሰበርም፣ ሞተር አይፈልግም፣ ግን ቦታውን ለዘላለም ይወስዳል። ተሰብሳቢ መቀመጫ 8.5 ሜትር የያዘውን 10 ረድፍ ወደ ግድግዳው ገፍቶ ከ1.5 ሜትር ባልበለጠ ቦታ ያስቀምጠዋል። በ45 ሜትር ርዝመት ላይ ለሦስት መተላለፊያ 3.6 ሜትር ቀንሰን፣ ለአንድ ሰው 48 ሳንቲ ሜትር ብንሰጥ በረድፍ 86፣ በአንድ ጎን 860 ሰው ይቀመጣል። እኛ የምንመርጠው ቅይጡን ነው፦ በአንድ ጎን ቋሚ፣ በሌላው ተሰብሳቢ። ሲሰበሰብ ለጠረጴዛ ቴኒስ፣ ለካራቴና ለቦክስ ልምምድ የሚሆን ቦታ ይገኛል። የመቀመጫው ጎማ የሚሄድበትን መስመር ክብደት ለወለል ሠሪው ንገሩት፤ ካልታሰበበት እንጨቱ ላይ ቦይ ይሠራል።

ላስቲክ ወንበር ለኮንሰርት ሲደረደር ከጎን ለጎን ይታሰር። ሰው ሲደናገጥ መጀመሪያ የሚገለበጠውና መንገድ የሚዘጋው ነጠላ ወንበር ነው።

ለመውጫ፣ 1 ሜትር ስፋት ያለው ደረጃ በደቂቃ 66 ሰው ገደማ ያሳልፋል። 3,000 ሰው በ4 ደቂቃ እንዲወጣ ከተፈለገ 11.4 ሜትር ጠቅላላ ስፋት ያስፈልጋል፤ ያውም ትልቁ በር ተዘግቶ ቢገኝ እንኳ በቀሩት መሟላት አለበት። በሮቹ ወደ ውጭ ይከፈቱ፣ በሰውነት ሲገፉ የሚለቁ ይሁኑ። ያለ ቲኬት እንዳይገባ ተብሎ በሰንሰለትና በቁልፍ የታሰረ በር፣ ቁልፉ ጥበቃው ኪስ ውስጥ ከሆነ፣ ግድግዳ ነው። ይህን የምንለው ጉዳዩ የሰው ሕይወት ስለሆነ ነው፤ ዝግጅት ከመጀመሩ በፊት አንድ ኃላፊ እየዞረ እያንዳንዱን በር በእጁ ይግፋ።

አየር፣ መብራት፣ ጄኔሬተር

አዲስ አበባ ላይ ማቀዝቀዣ ለስፖርት አዳራሽ አያስፈልግም። ለአንድ ሰው በሰከንድ 10 ሊትር ንጹሕ አየር ብንል 3,000 ሰው በሰከንድ 30 ሜትር ኩብ ይጠይቃል፤ ከታች በግድግዳው ሎቨር (የአየር ማስገቢያ ፍርግርግ)፣ ከላይ በጣሪያው ጫፍ መውጫ ተሰጥቶት ሙቅ አየር ራሱ ይወጣል። ማራገቢያ ቢገዛ ግን ካታሎጉ የተጻፈው ለባሕር ጠረፍ መሆኑን አስቡ፤ ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ አየሩ በሩብ ያህል ስለሚሳሳ የሚያመላልሰው አየር ክብደት ይቀንሳል። ለባድሜንተንና ለጠረጴዛ ቴኒስ ነፋስ ጠላት ስለሆነ የታችኛው ሎቨር የሚዘጋ ይሁን።

ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ፣ በቀጥታ አናታችን ላይ ታልፋለች። ጣሪያ ላይ የሚገባ ገላጭ ላስቲክ ስለዚህ ሜዳው ላይ ደማቅ ነጥብ ይጥላል፣ በጥቂት ዓመታትም ይቢጫል። ብርሃን ከሰሜንና ከደቡብ ግድግዳ፣ በቂ ክፈፍ ተደርጎለት ይግባ። የምሥራቅና የምዕራብ መስኮት የጠዋትና የማታ ፀሐይን ግብ ጠባቂው ዓይን ውስጥ ያስገባል።

ለልምምድ 200፣ ለክለብ ውድድር 500፣ ለከፍተኛ ውድድር 750 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ይበቃል። አሮጌው ሜታል ሃላይድ መብራት ኃይል ብልጭ ብሎ ከጠፋ ተመልሶ እስኪበራ 10 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ኤልኢዲ ወዲያው ይበራል፤ በእኛ ከተማ ይህ ብቻውን ውሳኔውን ይጨርሰዋል። ጄኔሬተር እስኪነሳ ላሉት ሰከንዶች የመውጫ መብራቶች በባትሪ ይሥሩ። ጄኔሬተሩም በከፍታ ምክንያት ኃይሉ ስለሚቀንስ ሻጩ «በ2,400 ሜትር ላይ ስንት ኪሎ ዋት?» ለሚለው በጽሑፍ ይመልስ።

ለኪራይ ሲወጣ

ሠርግ፣ ባዛርና መንፈሳዊ ጉባኤ ገቢ ናቸው፣ ወለሉን የሚጎዱትም እነሱ ናቸው። መሸፈኛ ሁለት ዓይነት አለ። ጥቅል ምንጣፍ ርካሽ ነው፣ ክብደት ግን አያከፋፍልም። ተገጣጣሚ ሰሌዳ ውድ ነው፣ የመድረክ እግርና የዕቃ ጋሪ ይችላል። የእንጨት ወለል ላላችሁ ሰሌዳው የግድ ነው። የኪራይ ውሉ ላይ ሁለት ነገር በግልጽ ይጻፍ። ቡና የሚፈላው መግቢያው ላይ በተዘጋጀ የሴራሚክ ቦታ ብቻ ይሁን፤ ከምድጃ የወደቀች አንዲት ፍም በእንጨትም በቪኒልም ላይ ጠባሳዋ አይጠፋም። ቄጤማም በዚያው ቦታ ይቅር፤ እርጥብ ሣር በመሸፈኛው ሥር ሲያድር ወለሉን ያጠቁራል።

የደመራና የታላቁ ሩጫ ዕለት በመስቀል አደባባይ ዙሪያ መንገድ ስለሚዘጋ የዝግጅት ዕቃ ከአንድ ቀን በፊት ካልገባ አይገባም። ተመልካቹ በባቡር ስታዲየም ጣቢያ ድረስ መምጣት ስለሚችል ለመኪና ማቆሚያ ከሚወጣው ገንዘብ ከፊሉን ከጣቢያው እስከ በሩ ላለው የእግር መንገድ፣ ለመብራቱና 1 ለ12 ተዳፋት ላለው የተሽከርካሪ ወንበር መውጫ አውሉት።

ርክክብ

ጊዜያዊ ርክክቡ ከክረምት በፊት ከሆነ የመጨረሻው ርክክብ አንድ ሙሉ ክረምት ካለፈ በኋላ ይሁን፣ የመያዣ ገንዘቡም እስከዚያ አይለቀቅ። ነሐሴ ላይ ከባድ ዝናብ በጣለ ዕለት ጣሪያው ሥር በእያንዳንዱ አሸንዳ መውረጃ ትይዩ ቁሙና ግድግዳውን በእጅ ዳስሱ። የወለሉን ዙሪያ ክፍተት በአራቱም ጎን ለኩና ጊዜያዊ ርክክብ ላይ ከተመዘገበው ጋር አነጻጽሩ። ክፍተቱ ከግማሽ በታች ከጠበበ እርጥበት ከሥር እየገባ ነው፤ ኮንትራክተሩ ምንጩን ሳያገኝ አትፈርሙ።